ሁለት እጅ ሙሉ

ካይሮ ውስጥ፣ ከፈይሰል ጎዳና ጀርባ፣ ባቱል ቤት የገባ እንግዳ ባዶ እጁን ተቀምጦ አያውቅም። ገና ጫማውን አውልቆ ቀና ሳይል በቀኝ እጁ ከርከዴ በሚሉት ቀይ የአበባ መጠጥ አፉ ድረስ የሞላ ብርጭቆ፣ በግራ እጁ የተምር ሰሃን ያስይዙታል። ማስቀመጫ ጠረጴዛ የለም። ነበረ፤ ባቱል ሸጠችው። ብርጭቆዬን መሬት ላስቀምጥ ብሎ ጎንበስ ያለ ሰው ካለ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ተሳቢሕ ከወጥ ቤት እንደ ጭልፊት ተወርውራ ትደርስና «ይጨመርልዎት እንጂ!» ብላ ትሞላበታለች። እዚያ ቤት የተጠጣው ከርከዴ ቢጠራቀም ዓባይን ከአስዋን እስከ ባሕሩ ድረስ ባቀላው ነበር። ከኦምዱርማን የመጡ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ እምቢ ማለት ነውር ሆኖባቸው ሲጠጡ ሲጠጡ አምሽተው፣ ጀላቢያቸውን ሰብስበው ያንን ሁሉ ፎቅ በሩጫ ሲወርዱ ያየ ሰፈር ዛሬም ድረስ ይስቃል። «የባቱል ቸርነት ሊገድለን ነው» ይላሉ ሱዳኖቹ።

ቸርነት አልነበረም። በእነሱ አገር ሐዘን ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ አይቀመጥም፣ ሰላምታም አያስቀድምም። በቆመበት ሁለት መዳፉን ወደ ሰማይ ይዘረጋና «ፋቲሃ» ይላል። ባለሐዘኑም ተነስቶ የራሱን ይዘረጋል። ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ፊት ይታበሳል፣ ለቅሶውም ወሬውም ከዚያ በኋላ ነው። መዳፍ እስኪዘረጋ ድረስ ሰውየው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ታስሮ ሊሆን ይችላል፣ መንገድ ተዘግቶበት ሊሆን ይችላል። መዳፍ ከተዘረጋ ግን ሞቷል፤ በቃ። የባቱል ባል አወድ፣ የሰፈሩን ፍሪጅ ሁሉ እየጠገነ ቤተሰቡን ያሳደረ ሰው፣ ከኦምዱርማን አልመጣም። እሷም ቤት ለእሱ መዳፍ የሚዘረጋ አልተገኘም። ብርጭቆና ሰሃን የያዘ እጅ አይዘረጋማ።

አንድ ጊዜ ብቻ አምልጧቸዋል። ካይሮ በገቡ ሰሞን፣ ጠረጴዛው ገና ሳይሸጥ፣ ሐጃ ሰኪና የሚባሉ አሮጊት በሩ ላይ ቆመው ማንም ሳይቀድማቸው መዳፋቸውን ዘረጉ። የባቱል የበኩር ልጅ ሙዘሚል ብድግ አለ፣ በካልሲው ብቻ ደረጃውን ወረደ፣ በማግስቱ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ድልድይ ሥር፣ እግሩ ደምቶ፣ ስሙን ሲጠይቁት ዝም ብሎ ተገኘ። ባቱል በዚያው ሳምንት ጠረጴዛውን ሸጠች። ሙዘሚል ነገሩን በራሱ መንገድ ተረዳው። እናቴ የአባቴን ሞት መስማት አትችልም አለ በልቡ፤ ተስፋዋን በብርጭቆ እየቀዳች ነው የምትኖረው። ስለዚህም አፉን ይበልጥ ዘጋ። የአባቱን መቃብር የቆፈረው እሱ ነበርና።

በዚያ ጁምዓ ጠዋት ሙዘሚል እንደ ወትሮው ጫማውን እንዳጠለቀ ተነሳ። ነቃ ለማለት ይከብዳል፤ ካይሮን የሚያህል፣ ሌሊቱን ሙሉ ጥሩንባ ሲነፋ የሚያድር ከተማ ውስጥ እንኳ የእሱን ያህል እንቅልፍ የከዳው ፍጡር አልነበረም። የመንገድ ውሾቹ ቢያንስ ተራ ገብተው ያሸልባሉ። ጫማ አውልቆ አይተኛም፣ ጀርባውን ለበር ሰጥቶ አይቀመጥም። ፊት ለፊታቸው በሚሠራው ሕንፃ ላይ አካፋ ሲሚንቶ መፋቅ ሲጀምር ደግሞ ግንባሩን ላብ ያጠምቀዋል፤ ደግነቱ ጁምዓ ነውና አካፋዎቹም አርፈዋል። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እናቱ ያልወሰደችበት ሸኽ የለም፤ ቁርኣን በእንጨት ሰሌዳ ተጽፎ፣ በውሃ ታጥቦ፣ ቀለሙ እየተቀዳ ያልጠጣው አንቀጽ የለም፣ ሆዱ ውስጥ የገባው ቀለም አንድ ዕለታዊ ጋዜጣ ያሳትማል። ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለው ክፍል፣ እነሱም የተሰደዱ ሱዳናውያት ሐኪሞች ማክሰኞ ማክሰኞ ወጣቶችን ሰብስበው ያነጋግራሉ ተብሎ አንድ ቀን እዚያም ሄዷል። ቤታችሁን ሳሉ አሏቸው። ሳለ፣ ከሁሉም አሳምሮ፤ የውሃውን ጋን ስንጥቅ፣ በግድግዳው ጥግ የተደረደሩትን የአባቱን ፍሪጆች፣ የእህቱን አልጋ አንካሳ እግር ሳይቀር። ግቢውን ግን ነጭ ተወው። ሐኪሟ ነጩን ቦታ ረጅም ጊዜ አየችና «ሲመጣልህ ትስለዋለህ» ብላ ሻይ ቀዳችለት። ሁለተኛ አልተመለሰም።

ባቱል ሻዩን በወተት አቅርባለት ጎኑ ተቀመጠች። ስለ ቲማቲም ዋጋ አወራች፤ ቲማቲም በዚህ አያያዙ በቅርቡ በጌጣጌጥ ሱቅ መስኮት ውስጥ የሚታይ ነገር ነው። ስለ ታችኛዋ ግብፃዊት ጎረቤት አወራች፤ ውሃ እያጠፋችብኝ ነው አለች። ከዚያ የወሬው ሁሉ ክር በአንድ ጊዜ ተበጠሰና በመሃላቸው ያ የታወቀው ዝምታ መጥቶ ተቀመጠ። አራተኛ የቤተሰቡ አባል ማለት ይሻላል፤ ከማናቸውም በላይ ሰፊ ቦታ ይይዛል።

«እጅህን አምጣ» አለች።

ሰጣት። ጁምዓ ጁምዓ ጥፍሩን የምትቆርጥለት እሷ ናት። ጢም ያወጣ ጎረምሳ ጥፍሩን በእናቱ ሲያስቆርጥ ጓደኞቹ ቢያዩት ከፈይሰል አስመርረው ያሰድዱት ነበር፤ ግን ይህ ነገር መቼ እንደ ተጀመረ እሱም አያስታውስ፣ እምቢ ማለትም አልመጣለት። አንድ በአንድ፣ ከሥሩ፣ ውስጡን በመቁረጫው ጫፍ እየጠረገች ትጨርሳለች። ከዚያ እጁን ገልብጣ ታየዋለች። ከዚያ ትለቀዋለች።

ሙዘሚል የሚሠራው ሐሰቦ የሚባል ያገራቸው ሰው ፉል ቤት ነው። ሐሰቦ ድምፁ ብቻውን አንድ ማይክሮባስ ይሞላል። የባቄላ ዋጋ ጨመረ ብሎ ሲራገም የጊዛ ፒራሚዶች ድንጋይ ይወዛወዛል። ሰው ግን ሰው ነው። የድስቱን ግርጌ በብረት ጭልፋ ሲፍቁ ይህ ልጅ ፊቱ እንደሚለዋወጥ አንድ ቀን አየና፣ በማግስቱ አንድም ቃል ሳይናገር ጭልፋዎቹን ሁሉ በእንጨት ለወጣቸው። ለደንበኞቹ ግን «የእንጨት ጭልፋ ለፉሉ ጣዕም ይሰጣል» እያለ በላዩ ላይ ዋጋ ጨመረበት።

«አንተ ዞል፣ አንተ ሰው! ዛሬም አልተኛህም? ዓይንህ እኮ ሁለት ድስት ፉል ሆኗል። እኔማ አንተን ሌሊት ዘበኛ አድርጌ፣ ቀን ሌላ ሰው መቅጠር ነበረብኝ» አለው በዚያው ጠዋት ገና በር ሲገባ።

«ተኝቻለሁ» አለ ሙዘሚል።

«የት? ውሸታም! ስማ ይልቅ፣ ጎረቤታችሁ የነበረው ሸሪፍ መጥቷል አይደል እንዴ! በጭነት መኪና ጀርባ ላይ እንደ ሻንጣ ታስሮ በረሃውን አቋርጦ። ትናንት እዚች ተቀምጦ የስድስት ሰው ፉል በላ። ‘ባቱል ቤት ሄጄ ለአወድ ፋቲሃዬን ሳላደርስ እህል አልቀምስም’ አለኝ። ይህን ሲለኝ አፉ ሙሉ ነበር፣ እመነኝ! አድራሻችሁን ሰጠሁት፤ እሱ ያረፈው አርድ ኤልሊዋ ሰፈር፣ የአክስቱ ልጅ ቤት ነው።»

የእንጨት ጭልፋው ከሙዘሚል እጅ ወደቀ። እንጨት ስለሆነ ድምፅ አልነበረውም፤ ሐሰቦ ግን ሳቁን አቋረጠ።

«ምን ተናገርኩ?»

«መቼ ነው የሚሄደው?»

«ዛሬ። ከአስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ ነው ያለኝ፤ ካልሆነም ከጁምዓ ሶላት እንደ ወጣ። ሸሪፍ ደግሞ ሰዓት ያውቃል እንዴ? … ሂድ በቃ ሂድ፣ ድስቱን እኔ አየዋለሁ።»

ሸሪፍ የግድግዳ ጎረቤታቸው ነበር። ጦርነቱ ሰፈሩን ሲውጠው ባቱልና ተሳቢሕ ቀድመው ወደ አትባራ ወጡ፣ አባትና ልጅ ቤት ሊጠብቁ ቀሩ። አንድ ጠዋት አወድ ግቢ ወጥቶ የሎሚ ዛፉን ሊያጠጣ ነው አለ። ከተማው እየነደደ፣ ሰማዩ እየተቀደደ፣ እሱ የሎሚው ጥማት አሳሰበው! ፍንጣሪው ያገኘው ባልዲው በእጁ እንዳለ ነው። ወደ መቃብር ቦታው በሚወስደው መንገድ ጣሪያ ለጣሪያ ተኳሽ ተቀምጦ ነበር። ሸሪፍ አካፋ ይዞ በግድግዳው ዘሎ መጣ፤ ዓለም ላይ እንደዚያ ያለ ደረቅ መሬት የለም፣ የአካፋውን እጀታ ለሁለት ሰበረው። የቀረውን ሙዘሚል በድስት ክዳንና በጥፍሩ ቆፈረው። ከዚያ ወጣ። አትባራ አውቶቡስ ማቆሚያ ሲደርስ እናቱ ገና ሳትስመው «አባትህን የት ተውከው?» አለችው። «ከኋላ እየመጣ ነው» አለ አፉ። አፉ ነው ያለው፣ እሱ አላለም። ያች አንዲት ቃል አብራቸው በረሃ ተሻገረች፣ ካይሮ ገባች፣ ይኸው ኪራይ ሳትከፍል አብራቸው ትኖራለች።

እንግዲህ ሸሪፍ ደርሶ መዳፉን ከዘረጋ እናቱ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ታጣለች፤ ባሏንም፣ ልጇንም። ባሌ ሞቷል ትላለች፤ ልጄ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ ዓይን ዓይኔን እያየ ሲዋሸኝ ኖሯል ትላለች። ሙዘሚል ይህን እያሰበ ሸሪፍ ያረፈበት አርድ ኤልሊዋ ደረሰ። ባቡር ሐዲዱን ተሻገረ፣ ባጃጆች እንደ አንበጣ በሚርመሰመሱበት ጭቃ መንገድ ገባ፣ ቤቱን አገኘ። የሸሪፍ የአክስት ልጅ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «አሁን ወጣ! ከረጢት ይዞ ወጣ፣ ሽቶ ሳይቀር ተቀብቶ!» አለችው። ሸሪፍ የግብፅ ስልክ ገና አላወጣም። ሙዘሚል ወደ ቤት ደወለ፤ ተሳቢሕ አነሳች።

«ስሚኝ፣ አጎቴ ሸሪፍ ከመጣ እንዳታስገቢው።»

«ጎረቤታችን የነበረው አጎቴ ሸሪፍ? መጥቷል? አልሐምዱሊላህ!»

«አታስገቢው አልኩሽ! እማ ተኝታለች በይው።»

«እማ መስኮት ላይ ቆማ ከታችኛዋ ጋር ስለ ውሃ እየተሰዳደበች ነው። ድምጿ መንገድ ድረስ ይሰማል፣ ምን ተኝታለች እላለሁ? ደግሞ እንግዳ ከበር መልሼ፣ በኋላ ማን ነው የሚያገባኝ?»

«ተሳቢሕ…»

ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አይዞህ፣ ሁለት እጁን እሞላለታለሁ» አለችው።

ወደ ቤት የተሳፈረበት ማይክሮባስ ከሌሎቹ መኪኖች ጋር መንገዱ መሃል ቆመ። ካይሮ መንገድ ሲዘጋ ሰው ያገባል፣ ይወልዳል፣ ልጁን ያስመርቃል፣ መኪናው ግን ያው ነው። ሾፌሩ በአዲሱ የነዳጅ ዋጋ ምክንያት ታሪፍ ጨምሬያለሁ አለ፣ ተሳፋሪው አልጨምርም አለ፣ አንዲት ወፍራም ሴትዮ የሁለቱንም ወገን እናት ሰደበች። ሙዘሚል በሩን ከፍቶ ዘለለና ሮጠ። ሲሮጥ ኖሮ የቤታቸውን ደረጃ መቼ እንደ ጨረሰው አልታወቀውም፤ በሰላሙ ቀን ወጥቶ ሲጨርሰው ሰው ከፈጣሪው ጋር የተጎራበተ የሚመስለው ደረጃ ነው።

ሸሪፍ ደርሷል። ሁለት ሰው የሚያህል ሰውዬ፣ በረሃው ግማሹን በልቶትም ገና አንድ ሰው ተኩል ነው። ፍራሹ ላይ ተቀምጦ በአንድ እጁ ብርጭቆ በሌላው ሰሃን ይዟል፤ ስንተኛው ብርጭቆ እንደሆነ አላህ ይወቅ፣ ዓይኑ ግን የድረሱልኝ ዓይን ነው። ተሳቢሕ የከርከዴውን ማሰሮ አቅፋ እንደ ወታደር አጠገቡ ቆማለች። ባቱል ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀምጣ መጎናጸፊያ ቶቧን ትከሻዋ ላይ ታስተካክላለች።

«ሙዘሚል! ልጄ!» አለ ሸሪፍ ሊነሳ እየተውተረተረ።

«ይጨመርልዎት» አለች ተሳቢሕ።

«ልጄ፣ ፊኛዬ አንድ ብቻ ነው!» አለ ሸሪፍ። ማንም አልሳቀም። ሙዘሚልን አየው። ሙዘሚል በሩ ላይ ቆሞ፣ ደረቱ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ እያለ፣ እንዳትናገር በሚል ጭንቅላቱን በጥቂቱ ግራና ቀኝ ወዘወዘ። ሸሪፍ ያየው ነገር ቀስ ብሎ ወደ ውስጡ ሲሰምጥ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ሰውየው ወሬ ማሳመር ይወዳል እንጂ ሞኝ አይደለም።

«የሙዘሚል እናት» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ቤታችሁ ቆሟል። በሩን ወስደውታል፣ ፍሪጆቹንም ወስደዋል፣ የማይሠሩትን ሳይቀር! አሁን የሌባው ቤት በተበላሸ ፍሪጅ ሞልቷል።» ባቱል ፈገግ አለች። እሱም በረታ፣ ወሬውም ጣመው፤ ስለ መብራቱ፣ ስለ ድመቶቹ፣ ጣሪያው ላይ ስለበቀለው ሣር አወራ። በእግሩ ጣት ከጎኑ ያለውን ከረጢት ወደ እሷ ገፋ። «ሎሚ አመጣሁልሽ። ከግቢያችሁ ነው። እኔ በግድግዳው እየዘለልኩ ሳጠጣው ነበር። ወላሂ እንደ ዘንድሮ አፍርቶ አያውቅም፣ እያንዳንዱ እንደ ሕፃን ልጅ…» ከዚያ የራሱን ቃል ሰማውና ቆመ።

ባቱል ከረጢቱን አንስታ ወጥ ቤት ገባች። ቢላዋው ሲያርፍ ተሰማ። ከዚያ ሽታው መጣ፤ ከመጋረጃው ሥር ሾልኮ ክፍሉን ሁሉ ሞላው፣ ሙዘሚልም እዚያው በሩ ላይ እንደቆመ ግቢው መሃል ነበር፤ ባልዲው ተገልብጧል፣ ውሃው ወደ ዛፉ ሥር እየሄደ ነው፣ ማንም አያቆመውም። ያን ነጭ ወረቀት ላይ ያልሳለውን ሁሉ ሽታው ሳለው። መሮጥ ፈለገ። ደረጃው ከጀርባው ነበር፣ ጫማውም እግሩ ላይ ነው፣ የጎደለ ነገር አልነበረም። ግን ሸሪፍን አየው፤ ይህ ወሬኛ፣ ይህ የስድስት ሰው የሚበላ ሆዳም፣ በሞላ እጁ ተቀምጦ ለእሱ ሲል ዝም ብሎ፣ እንባው ጢሙ ውስጥ እየገባ ሊጠርገው አልቻለም። እጅ የለውማ።

ባቱል በትሪ የሎሚ ጭማቂ ይዛ ወጣች። ለልጇ ሰጠችው። ብርጭቆው ቀዝቃዛ ነበር። ሙዘሚል ጎንበስ አለና ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

ተሳቢሕ እንደ ልማዷ ተወረወረች፤ ከመሃል ቆመች። ወንድሟ ቀና ብሎ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ነበር። ባዶ ነበሩ፣ ጥፍሮቹ ጠዋት የተቆረጡ።

«ፋቲሃ» አለ።

ሸሪፍ ብርጭቆውንና ሰሃኑን እንዴት እንዳስቀመጠ ማንም አላየም፤ ያ ሁሉ ሰውነት በአንድ ትንፋሽ ቆሞ መዳፉን ዘርግቷል። ባቱል ግን ትሪውን እንደያዘች ቀረች።

«እማ፣ ከኋላ እየመጣ አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አለች።

ሙዘሚል ያልሰማ መሰለው።

«አትባራ ያጠብኩህ እኔ አይደለሁም? ጥፍርህ ውስጥ የነበረውን አፈር ማን ያወጣው መሰለህ? ውሃው እየተቀየረ ይደፈርስ ነበር። የእኛን ግቢ ቀይ አፈር አላውቀውም?»

«ታዲያ ከርከዴው… ጠረጴዛው…»

«ለራሴ መሰለህ እንዴ፣ አንተ ሞኝ? ሰኪና እጇን ስትዘረጋ በካልሲህ ሄድክብኝ። አንዱን አጥቼ ሌላውን ከድልድይ ሥር ልልቀም? እስክትችለው ብዬ ነው። አንተ እስክትችለው።» ድምጿ እስከዚያ አልተሰበረም ነበር፤ የሚቀጥለውን ስትጠይቅ ነው የተሰበረው። «ቦታውን ብቻ አላውቅም። የት ነው ያስተኛኸው?»

«ሎሚው ሥር።»

ሁሉም ትሪው ላይ ያሉትን ብርጭቆዎች አዩ።

«ጥላ ያገኘዋል?»

«ከቀትር በኋላ ያገኘዋል።»

ባቱል ራሷን ነቀነቀች፤ ሲያስጨንቃት የኖረው ይህ ብቻ እንደነበረ ሁሉ። ተሳቢሕ ቀርባ ትሪውን ከእናቷ ተቀበለች። የባቱል እጆች ባዶ ሲሆኑ ለጥቂት ጊዜ የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየቻቸው። ከዚያ ዘረጋቻቸው። ሦስቱም ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ሊጀምሩ ሲሉ ሙዘሚል እህቱን አያት። ትሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ብቻዋን ቆማለች። ለእሷ እስከዛሬ የነገራት የለም፤ የሰውን እጅ ስትሞላ ነው ያደገችው። ትሪውን ከእጇ ወስዶ ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

ተሳቢሕ መዳፎቿን አየች።

«እንዴት ነው የሚደረገው?» አለች።

ሙዘሚል ከኋላዋ ተንበርክኮ ሁለቱን ትንንሽ እጆች ከሥር ያዘላትና ወደ ላይ ገለበጣቸው።

«እንዲህ» አላት።